ከፍላሽ ቫይረስ እስከ ሰላይ ሶፍትዌር

ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና፣ ከዚያም ወደ ቤተልና ወደ ዓለም ባንክ ስትሄዱ በየጥቂት እርምጃው አንድ ጠባብ ሱቅ ታገኛላችሁ። በሩ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ከሞላ ጎደል ያው ነው፦ ፎቶ ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ኮምፒውተር ጥገና፣ ፎርማት፣ ሶፍትዌር ጭነት። ኮልፌ ቀራኒዮ ውስጥ አዲስ ላፕቶፕ ያገኘ ሰው፣ ዕቃውን ከመርካቶ ይግዛው ወይም ከውጭ ዘመድ ይላክለት፣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ይዞት የሚሄደው ወደ እነዚህ ሱቆች ነው። ባለሙያው ኦፊሱን ይጭናል፣ የፊልም ማጫወቻውን ይጭናል፣ የአማርኛ መጻፊያውን ይጭናል። መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ትመጣለች፦ «አንቲቫይረስስ የቱን ላድርግልህ?»

አብዛኛው ሰው «ጥሩውን» ብሎ ያልፋታል። ግን ጥሩ ሲባል ከምን ለመጠበቅ? ከማን? በዚህች አጭር ጥያቄ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ፍርሃቶች ተቀላቅለዋል። አንደኛው ማንንም ሳይመርጥ እንደ ጉንፋን ያገኘውን ሁሉ የሚይዘው ቫይረስ ነው። ሁለተኛው እናንተን በስም የሚያውቅ፣ እናንተን ብሎ የሚመጣ ሰላይ ነው። የኛ አገር የቅርብ ጊዜ ታሪክ ሁለቱንም አይቷል። እንዲያውም 2006 ዓ.ም. ላይ ወጣቶች በሽብር ሲከሰሱ፣ በክሱ ውስጥ ከተጠቀሱት ነገሮች አንዱ የመጀመሪያ ምዕራፉ ኮምፒውተርን ከቫይረስና ከሰርጎ ገቦች ስለመጠበቅ የሚያስተምር ሥልጠና ነበር። ስለዚህ ጉዳዩ ከሱቁ ጠረጴዛ ሰፋ ያለ ነው፤ እስቲ ከመነሻው እንየው።

ላሆር፣ የኮምፒውተር ሱቅ

እ.ኤ.አ. 1986 ላይ ፓኪስታን ላሆር ከተማ ውስጥ ባሲት እና አምጃድ ፋሩክ አልቪ የሚባሉ ወንድማማቾች የኮምፒውተር ሱቅ ነበራቸው። የሠሩትን የሕክምና ሶፍትዌር ሰው ሳይከፍል እየገለበጠ አስቸገራቸው። ገልባጩን ለመያዝ ብለው ፍሎፒ ዲስክ ላይ ራሱን የሚያባዛ ትንሽ ፕሮግራም ደበቁ። ስማቸውን፣ የሱቃቸውን አድራሻና ስልክ ቁጥራቸውን ሳይቀር ጻፉበት። ፕሮግራሙ ግን ከእጃቸው አመለጠ፤ ከፍሎፒ ወደ ፍሎፒ እየዘለለ ባሕር ተሻገረ፤ ከሩቅ አገር ሳይቀር እየደወሉ «ኧረ ምን አደረጋችሁን!» የሚሉ ሰዎች መጡ። «ብሬይን» የሚባለው ይህ ነገር በአይቢኤም ፒሲዎች ላይ የተሰራጨ የመጀመሪያው ቫይረስ ተብሎ ይታወቃል።

ልብ በሉ፤ ነገሩ የተወለደው የኛን ሰፈር ሱቆች በሚመስል ሱቅ ውስጥ ነው። መነሻው ደግሞ እኛም በደንብ የምናውቀው ጉዳይ ነው፦ ያልተከፈለበት ኮፒ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት አንድ ሁለት ዓመታት የአንቲቫይረስ ንግድ ተወለደ። በአሜሪካ ማካፊ፣ በፕራግ በኋላ አቫስት የተባለው ሥራ የተጀመሩት በ1987 እና በ1988 አካባቢ ነው። አሠራሩ በመሠረቱ ቀላል ነበር። አንቲቫይረስ በር ላይ እንደቆመ ዘበኛ ነው፤ እጁ ላይ የሚፈለጉ ሌቦች ፎቶ አለ። የሚገባውን ፋይል ሁሉ ከፎቶው ጋር ያመሳክራል፤ ከተመሳሰለ ይይዘዋል። ፎቶው ከሌለው ግን ሌባው ሰላም ብሎት ያልፋል። ዛሬ አንቲቫይረሶች ከፎቶ በተጨማሪ የእንግዳውን ጠባይ ይመለከታሉ፤ ያም ሆኖ ይህ ድክመት ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ዘበኛው በየቀኑ አዲስ ፎቶ ካልደረሰው ደግሞ ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል። አዲስ ፎቶ የሚመጣው በኢንተርኔት ነው። የኛ ችግርም እዚህ ላይ ይጀምራል።

የኛ ኢንተርኔት ፍላሽ ነበር

ኢትዮጵያ ውስጥ ኢንተርኔት ለሕዝብ የተከፈተው እ.ኤ.አ. 1997 ነው። ከዚያ ጀምሮ ሳፋሪኮም እስከገባበት 2015 ዓ.ም. ድረስ አቅራቢው አንድ ብቻ ነበር። ለረጅም ጊዜ ኢንተርኔቱ ቀርፋፋም ውድም ስለነበር ፋይል በእጅ ነበር የሚሄደው። ዘፈን ከሙዚቃ ቤት፣ ፊልም ከጎረቤት ሀርድ ዲስክ፣ አሳይንመንት ከላፕቶፕ ወደ ፕሪንት ቤት፣ ሁሉም በፍላሽ። ቫይረሱም መንገዱን እዚያው አገኘ።

ዊንዶውስ ኤክስፒ አንድ የዋህ ጠባይ ነበረው። ፍላሽ ሲሰካበት «አውቶራን» የሚባለውን ፋይል ፈልጎ ያነባል፤ የታዘዘውንም ይፈጽማል። የታሰበው ሲዲ ሲገባ ፕሮግራሙ በራሱ እንዲነሳ ነበር። ቫይረስ ጸሐፊዎች ግን ይህን በር ወደዱት። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2008 የታየው ኮንፊከር በአውታረ መረብ ብቻ ሳይሆን በፍላሽም እየዘለለ በዓለም ላይ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮችን ያዘ። በዚያ ዘመን ሃይስኩል ወይም ዩኒቨርሲቲ የነበረ ሰው ነገሩን ያስታውሰዋል፦ ፍላሹን ስትከፍቱ ፎልደሮቹ የሉም፤ በቦታቸው ሾርትከት ተደርድሯል፤ ሾርትከቱን ስትነኩ ደግሞ ላፕቶፑም ይታመማል። መድኃኒቱ «ፎርማት ይደረግ» ነበር። ቃሉ በየሱቁ በር ላይ ተጽፎ የቀረውም ያለ ምክንያት አይደለም።

በሽታው እንዲህ የተስፋፋው በቴክኒክ ምክንያት ብቻ አልነበረም፤ ይሉኝታም አለበት። ጓደኛህ ፍላሹን ሲዘረጋልህ «አልሰካም» ማለት የቀረበልህን ጉርሻ እንደመመለስ ነው። ፕሪንት ቤቱ ያለው ኮምፒውተር ላይ በቀን ስንት ሰው ፍላሽ ይሰካል? የተማሪው፣ የአስተማሪው፣ የዕድሩ ጸሐፊ፣ የሥራ ማመልከቻ የሚያስጽፈው ሁሉ እዚያው ይገናኛል። አንዱ ከታመመ ሁሉም ይዞ ይሄዳል።

አንቲቫይረሱስ? ፈቃዱ የሚገዛው በዶላር ነው፤ በውጭ አገር ድረ ገጽ ላይ የሚከፍል ካርድ ያለው ሰው ደግሞ ጥቂት ነበር። ስለዚህ ክራክ መጣ። የክራክ ነገር ግን አስቂኝም አሳዛኝም ነው። ብዙ ጊዜ መመሪያው የሚጀምረው «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፋ» ብሎ ነው። ዘበኛውን አስተኝተህ የማታውቀውን ሰው በጓሮ አስገባ ማለት ነው። በዚያ ላይ የተሰረቀው ዊንዶውስ እንዳይነቃበት አፕዴቱ ይዘጋ ነበር። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. የካቲት 2011 የፍላሽ አውቶራንን በኤክስፒና በቪስታ ላይ የሚዘጋ አፕዴት ሲልክ፣ አፕዴት የሚቀበለው ተጠቃሚ ተገላገለ። አፕዴቱን የዘጋው ግን ያንኑ በር ከፍቶ ቆየ።

ከዚህ ዘመን የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። ቫይረሱ ይገባ የነበረው በምናምነው ሰው እጅ ነው፤ ጓደኛችንም፣ ፕሪንት ቤቱም ክፉ አላሰቡም። ነገሩ በእነሱ እምነት ተሳፍሮ መጣ።

ስለላ ከነጋዴ ወደ መንግሥት

«አንቲስፓይዌር» የሚለው ቃል የገነነው በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ነው። ያኔ ሰላይ ሲባል በአብዛኛው ነጋዴ ነበር። ነፃ ፕሮግራም ስትጭኑ ተደብቆ ይገባል፤ የምትጎበኙትን ገጽ ይመዘግባል፤ ማስታወቂያ ያዘንብባችኋል። ይህን ለማጽዳት ስፓይቦት እና አድ-አዌር የሚባሉ ፕሮግራሞች ታዋቂ ሆኑ። ማይክሮሶፍትም በታኅሣሥ 2004 ጃየንት የሚባል ኩባንያ ገዝቶ አንቲስፓይዌሩን የራሱ አደረገው፤ በኋላ ዊንዶውስ ዲፌንደር የተባለው ከዚያ ወጣ።

ከአሥር ዓመት በኋላ ግን ሰላዩ ሌላ ሆነ። መንግሥታት ሰላይ ሶፍትዌር በውል የሚገዙበት ገበያ ተፈጠረ፤ የኢትዮጵያም ስም በተደጋጋሚ ይነሳ ጀመር።

መጋቢት 2013 (እ.ኤ.አ.) የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ ፊንስፓይ ስለሚባል ሰላይ ሶፍትዌር ጥናት አወጣ። ኢትዮጵያን በሚመለከተው ክፍል የግንቦት 7 አባላት ፎቶ እንደ ማጥመጃ መዋሉን አሳየ። ፎቶውን አያለሁ ብሎ የከፈተ ሰው ኮምፒውተሩን ያስረክባል፤ መረጃው የሚላክለት ሰርቨር ደግሞ በኢትዮ ቴሌኮም አድራሻ ላይ የተቀመጠ ነበር።

በዚያው ሰሞን በአሜሪካ ሜሪላንድ የሚኖር፣ ኢትዮጵያ የተወለደ አሜሪካዊ ዜጋ ላፕቶፑን አስመረመረ። በፍርድ ቤት መዝገብ የሚታወቀው «ኪዳኔ» በሚል የብዕር ስም ነው። እንደ ክሱ ከሆነ ሰላዩ በኢሜይል በተላከ የወርድ ፋይል ገብቶ፣ ከጥቅምት 2012 እስከ መጋቢት 2013 የስካይፕ ንግግሮቹን ሲቀዳና የቤተሰቡን የኢንተርኔት አጠቃቀም ሲከታተል ቆይቷል። ከባለቤት ያወቀ ቡዳ ነው ይላል ያገራችን ሰው። እዚህ ግን ከባለቤቱ የበለጠ ቤቱን የሚያውቀው ሶፍትዌር ነበር።

በታኅሣሥ 2013 ደግሞ ተራው የኢሳት ሆነ። ሠራተኞቹ በሚያውቁት ሰው የስካይፕ ስም አንድ ፋይል ተላከ፤ «ጽሑፍ ለኢሳት» የሚል ዓይነት። ስሙን ላይ ላዩን ያየ ሰው ፒዲኤፍ ይመስለዋል። ከረጅም ባዶ ቦታ በኋላ ግን መጨረሻው «ኢኤክስኢ» ነበር፤ የሚነበብ ሰነድ ሳይሆን የሚሠራ ፕሮግራም ማለት ነው። ሲቲዝን ላብ የካቲት 2014 ባወጣው ጥናት መሣሪያው የጣሊያኑ ሀኪንግ ቲም ምርት መሆኑን ገለጸ። ዋሽንግተን የሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ መንግሥት እንዲህ ያለ ሶፍትዌር አልተጠቀመም ብሎ አስተባበለ።

አንባቢ «ታዲያ አንቲቫይረሱ የት ሄዶ ነው?» ቢል ተገቢ ነው። መልሱ ቀደም ብለን ካየነው የዘበኛ ምሳሌ ይወጣል። ለጥቂት ሰው ብቻ ተዘጋጅቶ የሚላክ ሰላይ ፎቶው በማንም ዘበኛ እጅ የለም። ሻጮቹም ምርታቸውን ከመላካቸው በፊት በገበያ ላይ ባሉት አንቲቫይረሶች ይፈትኑት ነበር፤ የሚያዝ ከሆነ ያስተካክሉታል። ገዢው የሚከፍለው ለዚህም ጭምር ነው።

መቆለፍ መማር ሲያስከስስ

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። በ2004 ዓ.ም. የተሰባሰቡ ወጣት ጦማሪዎች ራሳቸውን «ዞን 9» ብለው ሰየሙ። የቃሊቲ እስር ቤት ስምንት ዞኖች አሉት፤ ዘጠነኛው ከግቢው ውጭ ያለው አገር ነው ለማለት ነበር። ሚያዝያ 17 ቀን 2006 ዓ.ም. እና በማግስቱ ስድስቱ ጦማሪዎችና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ። ሐምሌ ላይ በፀረ ሽብር አዋጁ ተከሰሱ። በክሱ ከተነሱት ነገሮች አንዱ «ሴኩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ» በሚባለው መመሪያ መሠልጠናቸው ነው።

ምንድን ነው ይሄ ነገር? ታክቲካል ቴክ እና ፍሮንት ላይን ዲፌንደርስ የሚባሉ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ለማንም በነፃ ያቀረቡት መመሪያ ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ ኮምፒውተርን ከቫይረስና ከሰርጎ ገብ ስለመጠበቅ ነው። በዚያ ዘመን ለቫይረስ አቫስትን፣ ለሰላይ ሶፍትዌር ስፓይቦትን ይመክር ነበር። ቀጥሎ ጠንካራ የይለፍ ቃል ስለማውጣት፣ ፋይል ስለመቆለፍ፣ የጠፋ ፋይል ስለመመለስ ይናገራል። አየር ጤና ያለ ጠጋኝ በየቀኑ ለደንበኞቹ ከሚሰጠው ምክር ብዙም አይርቅም።

እንግዲህ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በአንድ በኩል ሰላይ ሶፍትዌር በውጭ አገር ባሉ ኢትዮጵያውያን ላፕቶፕ ላይ ይገኛል። በሌላ በኩል አገር ቤት ያለ ወጣት ላፕቶፑን ከሰላይ ስለመጠበቅ በመማሩ ይጠረጠራል። ቁልፍ መግዛት የሌብነት ምልክት ተደርጎ ሲታይ፣ ተራው ሰው የሚማረው ነገር አንድ ነው፦ በሬን ክፍት ልተወው።

አምስቱ ሐምሌ 2007 ዓ.ም. ላይ ክሳቸው ተቋርጦ ተፈቱ። ጥቅምት 5 ቀን 2008 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ የቀሩትን ከሽብር ክሱ ነፃ አላቸው፤ በፍቃዱ ኃይሉ ላይ ብቻ ሌላ አነስ ያለ ክስ ቀረ። አቤል ዋበላ፣ አጥናፍ ብርሃነ፣ ናትናኤል ፈለቀ እና በፍቃዱ በዚህ መካከል አንድ ዓመት ተኩል ያህል እስር ቤት ቆይተዋል።

የተገለጠው ሰነድ

ሐምሌ 2015 (እ.ኤ.አ.) ላይ ያልተጠበቀ ነገር መጣ። ሰላይ ሻጩ ሀኪንግ ቲም ራሱ ተጠለፈ። 400 ጊጋባይት የሚሆን ኢሜይል፣ ደረሰኝና የፕሮግራም ኮድ ኢንተርኔት ላይ ተዘረገፈ። ከሰነዶቹ ውስጥ የኢትዮጵያ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ፣ በተለምዶ ኢንሳ የምንለው፣ በ2012 አንድ ሚሊዮን ዶላር መክፈሉን የሚያሳይ ደረሰኝ ተገኘ። ኢንሳ በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የአገሪቱን የመረጃ መረብ ከጥቃት እንዲጠብቅ ነው። ጠባቂውና ደንበኛው በአንድ ስም ተገናኙ።

ኪዳኔስ? የኢትዮጵያን መንግሥት ዋሽንግተን ፍርድ ቤት ከስሶ ነበር። መጋቢት 14 ቀን 2017 (እ.ኤ.አ.) የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ክሱን ዘጋው። ስለላው ተደርጓል ወይስ አልተደረገም የሚለው ውስጥ አልገባም። ያለው ይህን ነው፦ የውጭ መንግሥትን አሜሪካ ውስጥ ለመክሰስ ጥፋቱ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ መፈጸም አለበት፤ ይህኛው ግን በከፊል ከባሕር ማዶ የተሠራ ነው። በአማርኛ ስናስቀምጠው፣ ሰላዩ በአካል ቤቱ ገብቶ ቢሆን ኖሮ መክሰስ ይቻል ነበር፤ ከሩቅ ሆኖ በኬብል ስለገባ ግን አመለጠ።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ሲቲዝን ላብ ሌላ ጥናት አወጣ። አሁን የተነሳው የእስራኤሉ ሳይበርቢት ሲሆን፣ ከታለመባቸው መካከል የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክና በወቅቱ የሚመራው ጃዋር መሐመድ ይገኙበታል። ዘዴው የሚገርም ነው። በኢሜይል ሊንክ ይመጣል፤ ሊንኩ ቪዲዮ የሚታይበት ገጽ ይመስላል፤ ገጹ «ቪዲዮውን ለማየት ፍላሽ ፕሌየርን አፕዴት ያድርጉ» ይላል። አፕዴቱን የጫነ ሰው ሰላዩን ጫነ። ለዓመታት «አፕዴት አድርጉ» እየተባልን ተመክረናል፤ እነሱም ምክሩን ልብስ አድርገው ለበሱት። የተጋለጡት ደግሞ በራሳቸው ዝርክርክነት ነው፤ የሰርቨራቸውን መዝገብ ለማንም ክፍት አድርገው ትተውት ነበር።

ሁሉንም ሰብስበን ስናየው አንድ መስመር ይታያል። የጓደኛ ፍላሽ፣ የምናውቀው ሰው የስካይፕ ስም፣ የምንወደው ወይም የምንጠላው ፓርቲ ፎቶ፣ አፕዴት የሚል ቁልፍ። በየትኛውም ጊዜ በሩ አልተሰበረም። የሆነ የሚታመን ነገር ፊት ተውሶ የመጣ እንግዳ ነበር፤ በሩን የከፈትንለት እኛው ነን።

ዘበኛው ራሱ ቢሰልልስ?

አንቲቫይረስ ላፕቶፑ ውስጥ ካሉት ፕሮግራሞች ሁሉ ከፍ ያለ ሥልጣን አለው። እያንዳንዱን ፋይል ያነባል፤ ብዙዎቹ የምትከፍቱትን ድረ ገጽም ያያሉ። ስለዚህ የሱ ታማኝነት ራሱ ጥያቄ ነው።

አቫስትን ውሰዱ። ነፃ ስለሆነ በኛም ሰፈር ብዙ ላፕቶፕ ላይ ተጭኗል። በጥር 2020 (እ.ኤ.አ.) ጋዜጠኞች ጃምፕሾት በሚባል እህት ኩባንያው በኩል የተጠቃሚዎቹን የድረ ገጽ ጉብኝት መረጃ እንደሚሸጥ አጋለጡ። ኩባንያው ጃምፕሾትን ዘጋ። በየካቲት 2024 የአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪ 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍልና እንዲህ ያለውን መረጃ ለማስታወቂያ መሸጥ እንዲያቆም አስወሰነበት። የሩሲያው ካስፐርስኪ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። አሜሪካ በሰኔ 2024 በአገሯ እንዳይሸጥ ከለከለችው፤ ምክንያቱ የሞስኮ መንግሥት ኩባንያውን ሊያዝዘው ይችላል የሚል ስጋት ነው፤ ኩባንያው ስጋቱን አይቀበልም። እኛ ሞስኮንም ዋሽንግተንንም እኩል ከሩቅ የምናይ ሰዎች ነን። ቢሆንም «ይህ ዘበኛ ደሞዙን ከማን ነው የሚቀበለው?» ብሎ መጠየቅ ለሁሉም ይሠራል፤ በነፃ ሲሆን በተለይ።

እንግዲህ ምን እንምረጥ?

ከዚህ ሁሉ በኋላ መልሱ ከሚጠበቀው በላይ ቀላል ነው። መጀመሪያ ከሁለቱ ፍርሃቶች የትኛው የናንተ እንደሆነ ለዩ።

ተማሪ፣ የቢሮ ሠራተኛ፣ ነጋዴ ከሆናችሁ አደጋችሁ በአብዛኛው የመጀመሪያው ነው፦ የፍላሽ ቫይረስ፣ ክራክ ውስጥ የተደበቀ ነገር፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ፕሮግራም። ለዚህ ከዊንዶውስ 10 ወይም 11 ጋር አብሮ የሚመጣው ዲፌንደር በቂ መነሻ ነው። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ቫይረስንም ሰላይ ሶፍትዌርንም አንድ ላይ ይይዛል፤ ስለዚህ አንቲስፓይዌር ለብቻ የመግዛቱ ዘመን አልፏል። ሁለት አንቲቫይረስ ደርቦ መጫንም ጥቅም የለውም፤ ሁለት ዘበኛ በአንድ በር ሲጋፉ ላፕቶፑ ይንቀራፈፋል፣ አንዱ ሌላውን ይጠረጥራል። ሌላ ዓይን ካስፈለገ አልፎ አልፎ ብቻ የሚፈትሽ ነፃ መመርመሪያ ይበቃል።

ከአንቲቫይረሱ ምርጫ በላይ የሚወስነው ግን አፕዴቱ ነው። ግንቦት 2017 (እ.ኤ.አ.) ዋናክራይ ዓለምን ሲያንቀጠቅጥ፣ የሚዘጋው አፕዴት ከወጣ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። ዊንዶውስ 10 ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል። ዩዝድ ላፕቶፕ የምትገዙ ከሆነ ዊንዶውስ 11 መቀበል መቻሉን ሳትጠይቁ ብር አትክፈሉ። አፕዴት ደግሞ ከሲስተሙ ሴቲንግ ውስጥ ብቻ ነው የሚወሰደው፤ ድረ ገጽ ላይ ብቅ ብሎ «አፕዴት» የሚላችሁን ዝጉት።

ሱቅ ስትሄዱም ጥቂት ነገር ጠይቁ። ዊንዶውሱ ሕጋዊ ነው? ሲጫን ዲፌንደር ጠፍቶ ነበር? ከጠፋስ ተመልሷል? ክራክ ከሆነ ይቅርብኝ ማለት ይቻላል፤ ኦፊስን የሚተካ ሊብረ ኦፊስ በነፃ አለ፣ ከዊንዶውስ ውጭም ሊኑክስ አለ። ዩዝድ ከሆነ ደግሞ የቀድሞው ባለቤት የተወው ሁሉ ተደምስሶ፣ ሲስተሙ እንደ አዲስ ይጫን። የፋይል ስም መጨረሻ እንዲታይ የሚያደርገውን ምርጫ አብሩት፤ የኢሳቱን ፋይል ያጋለጠችው ያች መጨረሻ ላይ የተደበቀች «ኢኤክስኢ» ነበረች። የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ደግሞ ሁለተኛ ቦታ አስቀምጡ።

ሥራችሁ ጋዜጠኝነት፣ ጥብቅና፣ መብት ነክ ጉዳይ ከሆነ ግን ሁለተኛው ፍርሃት የናንተ ነው፤ እዚህ ላይ ምንም አንቲቫይረስ ብቻውን አያድናችሁም። ፋይል ሲመጣ ላኪውን በሌላ መንገድ፣ በስልክ ደውሎ «አንተ ነህ የላክኸው?» ማለት ያስፈልጋል። ዲስክን መቆለፍ፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ መክፈት፣ ስልክንም እንደ ላፕቶፑ መጠበቅ ይከተላል። አጠራጣሪ ፋይል ከደረሳችሁ አትደምስሱት፤ ለሚመረምር ሰው አቆዩት። ከላይ ካየናቸው ታሪኮች አንዳንዶቹ የተገለጡት አንድ ሰው «ይሄ ነገር አላማረኝም» ብሎ ፋይሉን ስላስመረመረ ነው።

ሕጉስ የት ነው ያለው? የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ የሰው ኮምፒውተር ውስጥ መግባትን ወንጀል አድርጎታል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የኛ መረጃ የኛ መሆኑን በጽሑፍ አውቋል። እስካሁን ግን ከላይ ስማቸው በተነሱት ስለላዎች ምክንያት አገር ቤት ፍርድ ቤት ቀርቦ የተጠየቀ ሰው አልሰማንም። በአንጻሩ ላፕቶፑን መጠበቅ በመማሩ የተጠየቀ ሰው ነበር። ስለዚህ ዛሬ አንዲት የቤተል ልጅ አዲስ ላፕቶፗን ከፍታ የይለፍ ቃል ስትመርጥ፣ ዲስኳን ስትቆልፍና አፕዴቱን ስታበራ የምታደርገው ነገር ተራ ይመስላል፤ ተራ እንዲሆን ግን እስር ቤት ያደሩ ሰዎች አሉ።